የጭቃው ውለታ

ጊንጪን አልፎ ወደ አምቦና ጉደር የሚጓዝ ሰው ከመንገዱ ግራና ቀኝ የጭቃ ቤቶችን ያያል። የባሕር ዛፍ ቋሚ፣ በማገር የተያያዘ፣ በላዩ ምርጊት። ብዙ ሰው የድህነት ምልክት አድርጎ ይቆጥረዋል። ተሳስቷል።

ጭቃው ዝም ብሎ አይለጠፍም። አፈሩ ከጤፍ ጭድ ጋር ይቀላቀላል፣ በእግር ይረገጣል፣ ለቀናት ይቦካል። ከዚያ መራጊው በእጁ እያፈሰ በማገሮቹ መሀል አጥብቆ ይመታዋል። የጣቶቹን ፈለግ ሳያለሰልስ ይተወዋል፤ ቀጣዩ ልስን የሚይዘው በዚያ ሻካራ ገጽ ላይ ነውና። ጭዱ ደግሞ ጭቃው ሲደርቅ እንዳይሰነጣጠቅ ይይዘዋል።

ማድ ቤት ገብቶ ከምድጃው ጀርባ ያለውን ግድግዳ ማየት ነው። ጥላሸት አጥቁሮታል፤ በውስጡ ያለው እንጨት ግን በየቀኑ ከእሳት አጠገብ እየዋለ ቆሟል። አፈር አይነድም፤ ሙቀትን ቀስ አድርጎ ያሳልፋል፤ ነበልባል የሚሻውንም አየር ከእንጨቱ ያርቃል።

በትልልቅ ሕንፃዎች ብረት ላይ የሚቀባው እሳት መከላከያ ቀለምም ዓላማው ይኸው ነው። ብረት ባይነድም፣ ሙቀቱ ወደ 550 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ሲደርስ ከጥንካሬው ግማሽ ያህሉን ሊያጣ ይችላል። ቀለሙ እሳት ሲነካው እንደ ሊጥ ኩፍ ይልና ብረቱ ቶሎ እንዳይግል ይሸፍነዋል።

ልስኑ የረገፈበት ቦታ ግን እንጨቱ ራቁቱን ነው። ስለዚህ የጭቃ ቤት ያላችሁ፣ ክረምቱ ሲወጣ ከምድጃው አጠገብ ያለውን ስንጥቅ አስቀድማችሁ ምረጉት።