ውሃው የሚጎድለው መቼ ነው?

ውሃ የሚጠጣ መኪና ጋራዥ ሲገባ ብዙ ጊዜ ፍርዱ አስቀድሞ ተፈርዷል። ባለቤቱ «ራዲያተሩ አልቋል፣ ቀይርልኝ» ይላል፤ አንዳንዱማ ሶማሌ ተራ ዞሮ አሮጌ ራዲያተር ገዝቶ የኋላ ወንበር ላይ ጭኖ ይመጣል። ራዲያተር ከፊት ስለተቀመጠ ጥፋቱ ሁሉ በእሱ ይላከካል። እኔ ግን ኮፈኑን ከመክፈቴ በፊት የምጠይቀው አንድ ነገር ነው፦ ውሃው የሚጎድለው መቼ ነው? ቆሞ ሲያድር ነው፣ መንገድ ተዘጋግቶ ሲንፏቀቅ ነው ወይስ ዳገት ሲወጣ? ከየት እንደሚሄድ በኋላ እንደርስበታለን።

ቆሞ ሲያድር የሚያንጠባጥብ መኪና አብዛኛውን ጊዜ የሚያፈሰው በጎማው ቱቦ፣ በማኒኮቶው፣ ጫፍ ነው። ያረጀ ጎማ ሲቀዘቅዝ ይሰበሰብና የሚያስረው ፋሼታ ይላላል፤ ሞተሩ ሲሞቅ ያብጥና ክፍተቱ ይዘጋል። ባለመኪናው ጠዋት እርጥብ መሬት ያያል፣ እኔ ዘንድ ሲደርስ ሁሉም ደረቅ ነው፣ እንደ ዋሸ ሰው ያፍራል። የተሰነጠቀ ራዲያተር ጠባይ ደግሞ ሌላ ነው። በብርዱ ጠብታ ላያሳይ ይችላል፤ የሚከፈተው ሙቀትና ግፊት ሲያገኝ ነው። ያኔም ውሃው ትኩስ ብረት ላይ አርፎ መሬት ሳይደርስ ይተናል። «አንዲት ጠብታ አይቼ አላውቅም፣ ግን በየሳምንቱ እጨምራለሁ» የሚለው ደንበኛ ትክክል ነው ማለት ነው።

ቀጥሎ የራዲያተሩ ክዳን ነው። አዲስ አበባ ከባሕር ጠለል በላይ 2,300 ሜትር ያህል ከፍ ብላ ነው ያለችው፤ እዚህ ክፍት ድስት ውስጥ ውሃ የሚፈላው በ100 ሳይሆን በ92 ዲግሪ ገደማ ነው። የአሮጌ ኮሮላ ቴርሞስታት ደግሞ መከፈት የሚጀምረው በ82 ወይም በ88 ዲግሪ ነው። ሞተሩ ጤነኛ ሆኖ ከሚሠራበት ሙቀት እስከ መፍያው ያለው ርቀት ይህን ያህል ጠባብ ነው። የሚያሰፋው ክዳኑ ነው፦ 0.9 የተጻፈበት ክዳን 0.9 ባር ያህል ግፊት አፍኖ ስለሚይዝ ውሃው ከ110 ዲግሪ በላይ ሳይደርስ አይፈላም። ላስቲኩ ከደረቀ ወይም ስፕሪንጉ ከደከመ፣ ምንም የተቀደደ ነገር ሳይኖር ኮሮላው እንጦጦ ዳገት ላይ ይፈላል፣ ውሃውንም በትርፍ ቱቦው ይተፋዋል። ክዳኑ መሃል ላይ ሌላ ትንሽ ቫልቭ አለች፤ ሞተሩ ሲቀዘቅዝ የተተፋውን ውሃ ከማጠራቀሚያው መልሳ የምታስገባው እሷ ናት። ከተጣበቀች የላይኛው ማኒኮቶ ጠዋት ተጨማድዶ ይገኛል። ማጠራቀሚያው ሞልቶ ራዲያተሩ የጎደለ መኪና ሳይ ሌላ ነገር ከመፍታቴ በፊት ክዳን አስቀይራለሁ። ከዕቃዎቹ ሁሉ ርካሹ እሱ ሆኖ ሳለ ሰው ለምን ከራዲያተሩ እንደሚጀምር እስካሁን አልገባኝም።

ክዳኑ ደህና ከሆነ፣ በቦታው የምትገጠም ጌጅ ያላት የእጅ ፓምፕ አለችኝ። ሞተሩ ቀዝቅዞ እያለ እስከ 0.9 ባር እነፋለሁ፤ ከዚያ ማለፍ ደህናውን አሮጌ ራዲያተር በገዛ እጅ መቅደድ ነው። ከዚያ መጠበቅ። ረዳቶቼን የሚቸግራቸው ይህ ነው፤ መርፌዋ ወዲያው ካልወረደች «ደህና ነው» ብለው ሊነቅሏት ይቸኩላሉ። ሩብ ሰዓት ትቆይ። በዚያ መሃል የእጅ ባትሪ ይዤ ዱካ እፈልጋለሁ፦ የቧንቧ ውሃ ነጭ ቅርፊት ይተዋል፣ ኩላንት አረንጓዴ ወይም ቀይ ዱቄት። ሞተሩን አሳጥቦ የሚያመጣልኝ ደንበኛ ይህን ሁሉ ማስረጃ አጥቦ ነው የሚመጣው። ጠብታው የተገኘበት ቦታ ደግሞ የቀዳዳው ቦታ ላይሆን ይችላል፤ ቬንትሌተሩ ወደ ኋላ ይነፋዋል። እርጥበቱን የምከተለው ከታች ወደ ላይ፣ ከኋላ ወደ ፊት ነው።

የውሃ ፓምፑ ሥር ትንሽ ቀዳዳ አለች። ከእሷ ውሃ መጣ ማለት የውስጡ ማኅተም አልቋል ማለት ነው፤ ፓምፑ ይቀየራል። በኢፖክሲ የሚደፍኗት አሉ። ውሃው ያኔ መውጫ አጥቶ ኩሽኔታውን ይበላል። ብሎኩ ጎን ያሉት ክብ የቆርቆሮ መድፈኛዎች ከዚህ ይብሳሉ፤ ለዓመታት የቧንቧ ውሃ ብቻ ሲሞላ የኖረ ሞተር ከውስጥ ዝጎ ይበሳቸዋል፣ የሚበሳውም ሁልጊዜ ማኒፎልድ የሸፈነው፣ እጅ የማይገባበት ይመስለኛል።

መርፌዋ ካልወረደች፣ የጋቢናው ሙቀት መስጫ አፍስሶ የፊት ምንጣፉን ካላራሰ፣ መስታወቱንም የሚያጣብቅ ጉም ካላስያዘ፣ ውሃው በሞተሩ ውስጥ እየሄደ ይሆናል። አባይ በረሃን አቋርጦ ደጀንን ሲወጣ ብቻ ውሃ የሚያልቅባቸው አንድ ጡረተኛ መምህር ነበሩ። «ልጄ፣ ከተማ ውስጥ እኮ ጠብ አይልም» ይሉኛል። «ጋሼ፣ ከተማ ውስጥ ሞተሩ አይጨነቅም» አልኳቸው። በቀዝቃዛው አስነስተን የላይኛውን ማኒኮቶ ያዝኩ፤ ውሃው ለብ ሳይል ጎማው እንደ ድንጋይ ጠጠረ። የሚቃጠለው ጋዝ በቴስታታውና በብሎኩ መካከል ያለውን ጓርኒሲዮን አልፎ ውሃው ውስጥ እየገባ ነው። እንዲህም ሆኖ ቴስታታ በጥርጣሬ አይፈታም፤ ከራዲያተሩ አፍ የሚወጣውን አየር በሰማያዊ ፈሳሽ ውስጥ የሚያሳልፍ መመርመሪያ አለ፣ የቃጠሎ ጋዝ ሲያገኝ ፈሳሹ ቢጫ ይሆናል። ሆነ። ቴስታታው ተፈቶ፣ ቶርኖ ቤት ተላጥቶ፣ በአዲስ ጓርኒሲዮን ተገጠመ። ጋሼ ከዚያ በፊት ሁለት ራዲያተር ቀይረዋል፤ ቴርሞስታቱንም «ይሞቃል» ብሎ አንዱ አውጥቶ ጥሎት ነበር፣ መልሼ አስገባሁት። ቀዳዳ ይደፍናል የሚባለው ዱቄትም ተጨምሮበት ስለነበር የራዲያተሩን ቀጫጭን ቱቦዎች ማጠቡ ከጓርኒሲዮኑ ሥራ ያላነሰ ጊዜ ወሰደብኝ።

ሲሞላ ግማሽ ኩላንት፣ ግማሽ የተጣራ ውሃ፤ የጋቢናው ሙቀት መስጫ ተከፍቶ፣ ክዳኑ ሳይገጠም፣ አረፋው እስኪያቆም ሞተሩ ይሠራል። ከዚያ መኪናው እኔ ዘንድ ያድራል። በማግስቱ ሳይነሳ ክዳኑን ከፍቼ ልኩን ካላየሁ ሒሳብ አልቀበልም፤ በዚህ የሚናደዱብኝ ደንበኞች አሉ።