ለቆሎ ተማሪ የሚሰጥ ጋቢ በምን ይመዘናል?

ሞጣ ከባሕር ወለል በላይ ከ2400 ሜትር ከፍ ብላ የተቀመጠች የደጋ ከተማ ናት፤ ሌሊቷ ይበርዳል። ከዚያ እስከ ቢቸናና ዲማ ጊዮርጊስ ባለው የአብነት ትምህርት አገር፣ በጎጆ የሚያድረው የቆሎ ተማሪ ጋቢ ካገኘ የቀን ልብሱም የሌሊት መደረቢያውም እሱው ነው። ስለዚህ እናቶች በደቦ ፈትለው ለእንዲህ ያለ ልጅ የሚያሠሩት ጋቢ ለገበያ ከሚወጣው ይልቅ ጠበቅ ባለ ዓይን ሊመረመር ይገባዋል ባይ ነኝ። ገዢ ያልወደደውን ትቶ ይሄዳል፤ የተሰጠው ልጅ ግን አመስግኖ ከመቀበል በቀር ምርጫ የለውም።

ከሁሉ አስቀድሞ የሚታየው ድሩ ነው። ድር በሸማኔው ዘንድ ተወጥሮ የሚውል፣ መወርወሪያው በተመላለሰ ቁጥር የሚፋተግ በመሆኑ ጥብቅ ብሎ የከረረና ውፍረቱ የተስተካከለ መሆን አለበት። ማጉ ላላና ወፈር ቢል ግን ጉዳት የለውም፤ እንዲያውም ሙቀት የሚይዘው በለስላሳው ክር መካከል የሚቀረው አየር ነው። የብዙ ሰው ፈትል አንድ ዓይነት ሊሆን አይችልም የሚሉ አሉ። እውነት ነው፣ ግን ሰበብ አይሆንም። እጃቸው የጠና እናቶች ድሩን፣ እንዝርት ገና የለመዱት ማጉን ቢፈትሉ ሁሉም እንደ አቅሙ ይጠቅማል። ልቃቂቱ ሳይለይ ተደባልቆ ለሸማኔ ከሄደ ግን ጋቢውን ወደ ብርሃን ሲዘረጉት ይናገራል፤ አንዱ ቦታ ጥቅጥቅ ያለ፣ ሌላው ወንፊት የመሰለ ይሆናል። በክሩ ውስጥ የቀረ የፍሬ ስብርባሪም ጥጡ በጥድፊያ እንደተዳመጠ ያሳያል፤ ክሩ የሚበጠሰውም እዚያው ላይ ነው።

ቀጥሎ ስፌቱ ይታያል። ጋቢ አራት ድርብ ነው ሲባል፣ ድርቡ እንዳይንሸራተት የሚያደርገው ጠርዙና መጋጠሚያው ነው፤ ሁለቱን ወገን ይዞ ሳብ ሲያደርጉት መሳሳት የለበትም። ርዝመቱ የሚለካው ከታጠበ በኋላ ነው፣ በእጅ የተፈተለ ጥጥ በመጀመሪያው እጥበት ይሰበሰባልና። ተማሪው ራሱን ሸፍኖ እግሩን መጠቅለል ካልቻለ ጥለቱ የቱንም ያህል ቢያምር አይረዳውም። ለጥለት የሚወጣው ገንዘብ በእኔ አስተያየት ጥጥ ቢጨመርበት ይሻላል።

ምጽዋት በልብ እንጂ በክር አይመዘንም የሚሉም አሉ። የሰጪዎቹን ልብ እግዚአብሔር ያውቀዋል፤ ብርዱን የሚያውቀው ግን ለብሶት የሚያድረው ልጅ ነው። የፋብሪካ ብርድ ልብስ ይረክሳል፣ ቶሎም ይደርሳል የሚለው ክርክር ከዚህ ይልቅ ክብደት አለው። ችግሩ ለዛሬ ሌሊት ከሆነ እሱኑ መግዛት ነው። ነገር ግን ብርድ ልብስ ለብሶ ቅዳሴ አይቆምም፤ ጋቢ ግን ይለበሳል፣ ሲያልቅም ይጣፋል። ስለዚህ ነገሩን የሚያውቅ ማኅበር ከፈትሉ የተረፈውን አንድ ልቃቂት ከጋቢው ጋር አብሮ ይሰጣል፤ ትከሻው ላይ ሲሳሳ ተማሪው በዚያው ክር እንዲወሰውሰው።