አግላቻ፦ ጭራቅ ወይስ ጀግና?

ለዚህ አጭር ጽሑፍ መነሻ የሆነኝ «ቤዎልፍ» በተሰኘው ጥንታዊ የእንግሊዝኛ ግጥም ውስጥ የሚገኝ አንድ ቃል ነው። 3,182 ስንኞች ያሉት ይህ ተራኪ ግጥም ለእኛ የደረሰው በ1000 (እ.ኤ.አ.) ገደማ በተጻፈ አንድ የብራና ጥራዝ ብቻ ነው። ቃሉም «አግላቻ» ነው።

ገጣሚው የንጉሡን አዳራሽ እየሰበረ ሰው የሚበላውን ግሬንደልን አግላቻ ይለዋል። ዘንዶውንም እንዲሁ። ይህስ ባልከፋ፤ ነገር ግን ዘንዶ ገዳዩን ሲግሙንድንም በ893ኛው ስንኝ በዚሁ ስም ይጠራዋል። በ2592ኛው ስንኝ ደግሞ ቤዎልፍና ዘንዶው ዳግም ሲጋጠሙ ሁለቱን ባንድነት፣ በብዙ ቁጥር፣ አግላቻዎች ይላቸዋል።

ፍሬደሪክ ክሌበር በ1922 ባሳተመው እትም ሙዳየ ቃላት ቃሉን ለሁለት ከፈለው፦ ለጠላት ሲሆን ጭራቅ፣ ለወገን ሲሆን ጀግና። ይህን ፍቺ ለማለት ይቸግረኛል፤ ፍርድ ነው።

ጉዳቱ የሚጎላው በግሬንደል እናት ላይ ነው። ገጣሚው «አግላች ዊፍ»፣ አግላቻ ሴት፣ ነው ያላት። ልጇ ተገድሎባት ደሙን ልትመልስ የመጣች እናት ናት፤ ደም መመለስ ደግሞ በግጥሙ ዓለም የጀግኖቹም ወግ ነው። ሼመስ ሂኒ እንኳ በ1999 ትርጉሙ ከሲኦል ጋር አዛምዶ ይጠራታል። የቃየል ወገን መሆኗን ግጥሙ አይደብቅም፤ ይህን የሚነግረን ግን በሌላ ቃል ነው።

የቃሉ ምንጭ አከራካሪ ነው። መከራ የሚል ትርጉም ካለው «አግላክ» ጋር ያለው ዝምድና ግልጽ ይመስላል። ሸርማን ኩን በ1979 ብርቱና አደገኛ ተዋጊ ወደሚል አንድ ፍቺ ሊያመጣው ሞክሯል፤ እኔም ወደዚሁ አደላለሁ። ይበልጥ ያሳመነኝ ግን ከቤዎልፍ ውጭ ያለ ማስረጃ ነው። በ1011 ገደማ መነኩሴው ብርህትፈርት ቅዱስ ቤድን አግላቻ መምህር ይለዋል። መነኩሴ ቅዱሱን ጭራቅ ይለዋል ብሎ የሚከራከር ያለ አይመስለኝም።

ወደ አማርኛ ስንመልሰውስ? «አስፈሪ» ብዬ ጀምሬ ነበር፤ ለቤድ አልሆን አለኝ። አሁን «ኃይለኛ»ን መርጫለሁ። ኃይለኛ ውሻ፣ ኃይለኛ ተዋጊ፣ ኃይለኛ ሴት፣ ኃይለኛ መምህር እንላለን፤ የመጨረሻው ያስተማረው ሰው ፍርሃቱንም አክብሮቱንም አይረሳም። እርግጥ የሚጎድለው አለ፤ «ኃይለኛ» ውስጥ የመከራው ጥላ የለም። ቢያንስ ግን ቤዎልፍንና የግሬንደልን እናት በአንድ ስም እንድጠራቸው ያስችለኛል።