ሥር የሰደደ የተረከዝ ሕመምና የሌሊት ስፕሊንት

ሥር የሰደደ የተረከዝ ሕመም የሚባለው ከሦስት ወር በላይ የዘለቀ፣ ጠዋት ከመኝታ ሲነሡ በመጀመሪያዎቹ እርምጃዎች የሚጠና፣ ትንሽ ሲራመዱ ረገብ ብሎ ማምሻውን የሚመለስ የተረከዝ ሥር ሕመም ነው። ከ10 ሰዎች አንዱ በዕድሜ ዘመኑ እንደሚያገኘው ይገመታል። አብዛኛውን ጊዜ የሚታመመው ፕላንታር ፋሺያ ነው፤ ይኸውም ከተረከዝ አጥንት ሥር ተነሥቶ በውስጥ እግር በኩል እስከ ጣቶች መነሻ የሚዘረጋ ጠንካራ ጅማት ነው። ባቱ የተኮማተረ፣ ክብደቱ የጨመረ፣ ቆሞ የሚውል ወይም ስስ ሶል ያለው ጫማ አድርጎ በደረቅ መሬት የሚመላለስ ሰው ይበልጥ ይጋለጣል።

በምዕራብ ጎጃም ገጠር እግር የማያርፍባቸው ወራት ብዙ ናቸው። በቡሬና በፍኖተ ሰላም ዙሪያ በቆሎ፣ በርበሬ፣ ጤፍና ዳጉሳ የሚያመርት ገበሬ በእርሻ ወቅት ከበሬዎቹ ኋላ ሲመላለስ ይውላል። ሴቷ ውኃ ትቀዳለች፣ እንጨት ትሸከማለች፣ በገበያ ቀን ሸክሟን ይዛ ከተማ ትወርዳለች። ከተማ ውስጥም መምህሩና ባለሱቁ ሲሚንቶ ወለል ላይ ቆመው ይውላሉ። እንዲህ ላለ ታካሚ «እግርህን አሳርፍ» ብሎ መሸኘት ሊፈጽመው የማይችለውን ምክር መስጠት ነው። የሌሊት ስፕሊንት፣ ማለትም ማታ እግር ላይ የሚታሰር ደጋፊ፣ ለዚህ አካባቢ የሚጠቅመው በዚህ ምክንያት ነው፤ የሚሠራው ታካሚው በማይሠራበት ሰዓት ነው።

አሠራሩን ለመረዳት የጅማቱን ሥራ ማወቅ ያስፈልጋል። ሰው ሲራመድ ተረከዙ ከመሬት ተነሥቶ ጣቶቹ ወደ ላይ ሲታጠፉ ፕላንታር ፋሺያ ይወጠራል፤ የእግርን ቅስት ከፍ አድርጎም እግሩን ያጠነክረዋል። ይህን አሠራር እንግሊዛዊው ሐኪም ሂክስ በ1954 እ.ኤ.አ. ገልጾታል። ጫናው ከአቅም በላይ ሲደጋገም ጅማቱ ከተረከዝ አጥንት ጋር በሚጣበቅበት ቦታ ይጎዳል፣ ይወፍራል፣ ጥራቱንም ያጣል። ሌሊት ደግሞ የተኛ ሰው እግር በራሱ ክብደትና በላዩ ባረፈው ጋቢ ወይም ብርድ ልብስ ወደ ታች ያዘነብላል። በዚያን ጊዜ ባትና ፋሺያ አጥረው ያድራሉ። እርጥብ ጠፍር ታጥፎ ከደረቀ በኋላ ድንገት ሲዘረጉት እንደሚሰነጠቅ፣ አጥሮ ያደረው ጅማትም በጠዋቱ የመጀመሪያ እርምጃ ድንገት ይወጠርና እንደገና ይጎዳል። ስፕሊንት ቁርጭምጭሚትን ቀጥ ባለ ማዕዘን፣ ማለትም በ90 ዲግሪ ወይም ከዚያ ጥቂት ወደ ላይ ቀና አድርጎ በመያዝ ጅማቱ ሳያጥር እንዲያድር ያደርጋል።

በራጅ ላይ የሚታየው የተረከዝ አጥንት ሹል ብዙዎችን ያስደነግጣል። ሆኖም ይህ ሹል ምንም ሕመም በሌላቸው ብዙ ሰዎች ላይም ይገኛል፤ ሹሉ የሌላቸው ሰዎችም ይታመማሉ። ስለዚህ «አጥንት በቅሎብሃል» ብሎ ታካሚን ማስጨነቅም ሆነ ለዚያ ብቻ ቀዶ ሕክምና መመኘት ተገቢ አይደለም።

ስፕሊንት ከመሥራት በፊት ሕመሙ በእርግጥ የፋሺያ መሆኑን ማጣራት ይገባል። ባለሙያው ታካሚውን ያስተኛል፤ በአንድ እጁ ጣቶቹን ወደ ቅልጥም ያጥፍና በሌላው እጁ አውራ ጣት ከተረከዙ ሥር በውስጥ በኩል ወደ ፊት ያለውን ቦታ ይጫናል። ሕመሙ በዚያች ነጥብ ላይ ከጠና ምርመራው ወደ ፋሺያ ያመለክታል። ተረከዙን ከግራና ቀኝ በመዳፍ ሲጨምቁት የሚያም ከሆነ ግን የአጥንት ስንጥቅ ይጠረጠራል። በወጣት ላይ ሁለቱም ተረከዞች የሚያሙት፣ ጠዋት ጠዋትም ወገቡ የሚተሳሰርበት ከሆነ የመገጣጠሚያ ብግነት መታሰብ አለበት። ሌሊት ከእንቅልፍ የሚቀሰቅስ ሕመም፣ ትኩሳትና የክብደት መቀነስ ወደ ሌላ ከባድ በሽታ ይጠቁማሉ።

በገጠሩ ከዚህ ሌላ የሚጣሩ ነገሮች አሉ። ውስጥ ገብቶ የቀረ እሾህ፣ ሙጀሌ፣ የጠለቀ የተረከዝ ስንጥቅ፣ ፈሳሽና ቅንጣት የሚያወጣ ቀዳዳ ያለው የቆየ እብጠት ሁሉ በዓይን ይታያሉ፤ ስለዚህ እግሩ ታጥቦ በብርሃን መታየት አለበት። በቀይ አፈር ላይ ለረጅም ዘመን በባዶ እግር በመሄድ የሚመጣው፣ ፖዶኮኒዮሲስ የሚባለው ዝሆኔ በጎጃም የታወቀ ነው። እግሩ ያበጠ ታካሚ ላይ ማሰሪያ ከመጠቅለል በፊት የእብጠቱ ሕክምና ይቀድማል። በስኳር ወይም በሥጋ ደዌ ምክንያት እግሩ የደነዘዘ ሰው ስፕሊንቱ ሲቆርጠው አይሰማውም፤ ቁስሉን የሚያየው ከረፈደ በኋላ ነው። ስለዚህ እንዲህ ላለው ሰው ስፕሊንት አይታዘዝም፤ ግድ ከሆነም ያለ ዕለታዊ ክትትል አይደረግለትም።

ስፕሊንት በብዙ መልክ ይሠራል። በአካል ጉዳተኞች ተሐድሶ ማዕከላት ከፖሊፕሮፒሊን ፕላስቲክ በእግር ልክ ይቀረጻል። ተሠርቶ የሚሸጥም አለ። በአጠቃላይ ሆስፒታል ደረጃ ግን በቅርብ የሚገኘውና ርካሹ ጀሶ ነው። ታካሚው በደረቱ ተኝቶ ጉልበቱን ወደ ላይ ያጥፋል፤ ባት በዚህ ጊዜ ስለሚላላ ቁርጭምጭሚት በቀላሉ ወደ 90 ዲግሪ ይመጣል። እግሩ በጥጥ ይጠቀለላል፤ በተረከዝና በቁርጭምጭሚት ጉጦች ላይ ጥጡ ይደረባል። ከዚያ ከ12 እስከ 15 ድርብ የሆነ ሰፊ ጀሶ ለብ ባለ ውኃ ተነክሮ ከባት ጀርባ ጀምሮ በተረከዝ ዞሮ ከጣቶች ጫፍ አልፎ ይዘረጋል። ውኃው ከሞቀ ጀሶው ሲጠነክር የሚያወጣው ሙቀት ቆዳ ሊያቃጥል ይችላል። የላይኛው ጫፍ ከጉልበት በታች በሁለት ሦስት ጣት ማጠር አለበት፤ በጉልበቱ ውጭ በኩል ባለው አጥንት ሥር የሚያልፈው ነርቭ ከተጫነ እግር ወደ ላይ አልነሣ ይላል።

ጀሶው እስኪጠና ባለሙያው ውስጥ እግሩን በመዳፉ ሙሉ ደግፎ ይይዛል። በጣት ጫፍ የተያዘ ጀሶ ውስጡ ጉብታ ይፈጥራል፤ ያ ጉብታ በማግሥቱ ቁስል ነው። የጣቶቹ ማረፊያ ጥቂት ወደ ላይ ቀና ቢል ፋሺያው ይበልጥ ይዘረጋል። ጀሶው ሲጠና ተነቅሎ ጫፎቹ ይስተካከላሉ፤ በደንብ እስኪደርቅ አንድ ሁለት ቀን ይፈልጋል፣ በክረምት ደግሞ ከዚያም ይዘገያል። ከደረቀ በኋላ ታካሚው ራሱ ማታ በፋሻ ያስረዋል፣ ጠዋት ይፈታዋል።

የማሰር ጥበብ ለጎጃም እንግዳ አይደለም። ወጌሻ ስብራትን በቀርከሃ ወይም በሸንበቆ ደግፎ ማሰርን ከትውልድ ትውልድ ሲያስተላልፍ ኖሯል፤ በዚህም ብዙ ሰው ተጠቅሟል። ይሁን እንጂ ከመጠን በላይ ጠብቆ የታሰረ እጅና እግር ደም አጥቶ እስከ መቆረጥ እንደሚደርስ የኢትዮጵያ ሆስፒታሎች በሚገባ ያውቁታል። «ካልጠበቀ አያድንም» የሚለው እምነት ለተረከዝ ስፕሊንት ጨርሶ አይሠራም። የዚህ ስፕሊንት ኃይል በማዕዘኑና በጊዜው ርዝመት እንጂ በጥብቀቱ አይደለም። ስለዚህ ታካሚውን «እማማ፣ ከፋሻው ሥር ጣትዎ መግባት አለበት፤ እግርዎ ከቀዘቀዘ፣ ከደነዘዘ ወይም ከጠቆረ ወዲያው ይፍቱት» ብሎ ማስረዳትና በባለሙያው ፊት አስሮ እንዲያሳይ ማድረግ የሕክምናው አካል ነው።

ስፕሊንቱን ከሚተዉት አብዛኞቹ የሚተዉት እንቅልፍ ስለሚነሣቸው ነው። መጀመሪያ ማታ ተቀምጠው ለአንድ ሁለት ሰዓት ማሰር፣ ከዚያ ጊዜውን እየጨመሩ ሌሊቱን ሙሉ ማድረስ ይሻላል። ሌሊት ወደ ውጭ ለመውጣት የሚነሣ ሰው መፍታት አለበት፤ በስፕሊንት መራመድ ጀሶውን ይሰብራል፣ ሰውንም ይጥላል። ስፕሊንቱ በአብዛኛው ከአንድ እስከ ሦስት ወር ይደረጋል። በሳምንት ውስጥ ለውጥ የሚጠብቅ ታካሚ ይህን አስቀድሞ ካልተነገረው ተስፋ ይቆርጣል።

ዋፕነርና ሻርኪ የተባሉ አሜሪካውያን ሐኪሞች በ1991 እ.ኤ.አ. ባወጡት ጥናት በሌላ ሕክምና ያልተሻላቸውን 14 ታካሚዎች ቁርጭምጭሚት በ5 ዲግሪ ወደ ላይ በሚይዝ ስፕሊንት ሲያክሙ 11ዱ ከአራት ወር ባነሰ ጊዜ ድነዋል። በ1999 እ.ኤ.አ. 116 ታካሚዎችን ያወዳደረ ጥናት ግን ስፕሊንት በተለመደው ሕክምና ላይ ሲጨመር ጎላ ያለ ልዩነት አላሳየም። ሁለቱን አንድ ላይ የሚያነብ ባለሙያ ስፕሊንትን የጠዋት ሕመም ለሚበረታባቸውና ሕመማቸው ለቆየባቸው ሰዎች ያስቀድመዋል፤ ብቻውን ግን አያዝዘውም።

አብረውት የሚሄዱት ሕክምናዎች ገንዘብ አይጠይቁም። ታካሚው ከመደቡ ሳይወርድ እግሩን በሌላው ጉልበት ላይ አድርጎ ጣቶቹን በእጁ ወደ ቅልጥሙ ይስባል፤ እስከ 10 ይቆጥርና ይለቅቃል፣ ይህንኑ 10 ጊዜ ይደግማል፣ በቀንም ሦስት ጊዜ ይሠራል። ዋናው የጠዋቱ ነው፤ ከመጀመሪያው እርምጃ መቅደም አለበት። ሕመሙ ሲቀልለት ከጣቶቹ ሥር የተጠቀለለ ጨርቅ አድርጎ በቤቱ ደፍ ላይ ተረከዙን ቀስ ብሎ ከፍና ዝቅ ማድረግ ጅማቱን ያጠነክራል፤ ይህ በአንድ ቀን ልዩነት ይሠራል። ጫማም ወሳኝ ነው። ስስ ሸበጥና ባዶ እግር ተረከዙን ያለ መከታ ይተዉታል፤ ሶሉ ወፈር ያለ፣ ተረከዙ ላይ ለስላሳ ምንጣፍ የገባበት ጫማ ጫናውን ያቀልላል። ስግደት ጣቶችን አጥፎ ፋሺያውን ስለሚወጥር ሕመሙ እስኪበርድ ቁጥሩን መቀነስ፣ በቅዳሴም በመቋሚያ መደገፍ ይረዳል።

የስቴሮይድ መርፌ ሕመሙን ለሳምንታት ያበርዳል፤ ሲደጋገም ግን ፋሺያውን ሊበጥስና የተረከዙን ስብ ሊያሳሳ ይችላል። ቀዶ ሕክምና የሚታሰበው ሌላው ሁሉ ለወራት በትክክል ተሞክሮ ሳይሳካ ሲቀር ብቻ ነው። እንዲህ ያለው ታካሚ ከፍኖተ ሰላም ሆስፒታል ወደ ባሕር ዳር፣ ወደ ፈለገ ሕይወት ወይም ወደ ጥበበ ግዮን ሆስፒታል ሊላክ ይችላል። እዚያ የሚደርሱት ግን ጥቂቶች ናቸው፤ አብዛኛው የተረከዝ ሕመም በአንድ ዓመት ገደማ ያለ ቀዶ ሕክምና ይድናል።

ለዚህ የሚያስፈልገው ጀሶ፣ ጥጥ፣ ፋሻና ታካሚውን አስቀምጦ የሚያስረዳ ባለሙያ ነው። ስለዚህ በየጤና ተቋሙ ያሉ ባለሙያዎች የሕመም ማስታገሻ ክኒን ሰጥቶ ከመሸኘት በፊት የታካሚውን ባዶ እግር በእጃቸው ይዘው ይመርምሩ፤ ስፕሊንቱን በልኩ ይሥሩ፤ ከሁለት ሳምንት በኋላም መልሰው ይዩት።