የሚስማሩ ትርጉም፦ የሜታሊካ «ጥቁር አልበም» እና የፈውስ ነገረ መለኮት

የአሜሪካው የሄቪ ሜታል ባንድ ሜታሊካ በ1991 እ.ኤ.አ. በራሱ ስም የሰየመውን አምስተኛ አልበሙን አወጣ። ከሽፋኑ የተነሣ «ጥቁር አልበም» የሚባለው ይህ ሥራ በአሜሪካ ብቻ ከ16 ሚሊዮን ቅጂ በላይ ተሸጧል። ከ12ቱ ዘፈኖች ለመጋቢዎች ከሁሉ ይልቅ ሊታይ የሚገባው 10ኛው ነው፤ ርእሱ «የከሸፈው አምላክ» ተብሎ ሊተረጎም ይችላል።

ርእሱን ብቻ ያነበበ አማኝ የክህደት ዘፈን ነው ብሎ ያልፈው ይሆናል። ከበስተጀርባው ግን የአንድ ቤተሰብ ሐዘን አለ። ድምፃዊው ጄምስ ሄትፊልድ ያደገው በክርስቲያን ሳይንስ እምነት ነው። በ19ኛው መቶ ዘመን ሜሪ ቤከር ኤዲ የመሠረተችው ይህ እንቅስቃሴ፣ ቁስ አካል እውነተኛ ህልውና የለውም፣ በሽታም የአስተሳሰብ ስሕተት ነው፣ ስለዚህ በጸሎት ይወገዳል ብሎ ያስተምራል። የሄትፊልድ እናት በካንሰር ሲታመሙ በዚሁ እምነት ጸንተው ከሕክምና ራቁ። በ1980 ሲሞቱ ልጃቸው ገና 16 ዓመቱ ነበር።

ዘፈኑ በቤዝ ጊታር ይጀምራል፤ ዝግ ያለና ከባድ ነው። ባንዱ በ1988 ካወጣው ረጃጅምና ውስብስብ ሥራ ተላቆ፣ ከፕሮዲዩሰሩ ከቦብ ሮክ ጋር የያዘው ቀጥተኛ አካሄድ እዚህ ላይ ይሠምራል፤ ቍጣው አይጣደፍም። በዚሁ አልበም ግብዞችን የሚወቅሰው ሦስተኛው ዘፈን ግን ከተለመደ ስድብ ብዙም አይርቅም።

የግጥሙ ዋና ምስል የመስቀሉ ሚስማር ነው። ይፈውሳል የተባለው እጅ ስለተቸነከረ ወደ በሽተኛው ሊደርስ አልቻለም። በእኛ እምነት ግን ነገሩ ተገላቢጦሽ ነው፤ ኢሳይያስ 53 እና 1ኛ ጴጥሮስ 2፥24 ፈውሳችንን ከዚያው ቍስል ጋር ያያይዙታል። ሆኖም ሄትፊልድ ልጅ ሳለ የተማረው ይህን አልነበረም። ሥቃይ እውነት አይደለም ለሚል ትምህርት ሚስማሩም እውነት ሊሆን አይችልም። ስለዚህ የከሸፈው የተሰቀለው ጌታ ሳይሆን፣ መስቀል የሌለበት የፈውስ ተስፋ ነው። ዘፋኙ ሁለቱን አልለየም፤ የሚለይለትም ሰው በዘፈኑ ውስጥ የለም።

የዘፈኑ ጕድለት ስለ እግዚአብሔር እየተናገረ ወደ እግዚአብሔር አለመናገሩ ነው። መዝሙር 88 እስከ መጨረሻው ጨለማ ውስጥ ቢሆንም ጸሎት ነው። ኢዮብም በምሬት የተከራከረው ከአምላኩ ጋር ነበር፤ በመጨረሻ የተወቀሱትም ለሥቃዩ ቀላል መልስ የነበራቸው ወዳጆቹ ናቸው።

ለእኛ ጥያቄው የቅርብ ነው። በእኛም መካከል መድኃኒቱን ያልተወ በሽተኛ እምነት እንደጐደለው አድርጎ የሚያስተምር አይጠፋም። በሽተኛው ሲሞት ያ አስተማሪ ወደ ሌላ መድረክ ይሄዳል፤ ልጆቹ ግን ጥያቄውን ይዘው ይቀራሉ። ለበሽተኞች ስንጸልይ እግዚአብሔር ዛሬም እንደሚፈውስ በድፍረት እንመን፤ ሐኪምንና መድኃኒትንም ከእርሱ ስጦታዎች እንቍጠር። ፈውስ ሳይመጣ ሲቀር ደግሞ በቀብሩ ማግስት ከልጆቹ ጋር ተቀምጠን መዝሙር 88ን እናንብብላቸው። ቍጣቸውን ወደ እግዚአብሔር ይዘው እንዲቀርቡ ማስተማር የመጋቢ ሥራ ነው።