የውሻ ቪዛ

እኛ አገር ስለ ውሻ ተረት እንጂ ወረቀት አይታወቅም። «ውሻ በበላበት ይጮኻል» እንላለን፤ ግቢ እንዲጠብቅልን ፍርፋሪ እንጥልለታለን፤ ከዚያ ያለፈ ሒሳብ የለንም። ስለዚህ አንድ ውሻ ከቦሌ ተሳፍሮ ባሕር ማዶ ለመሻገር የሚጠየቀውን የወረቀት ብዛት የሰማ ሁሉ መጀመሪያ ይስቃል። «ለሰው ያልተገኘ ቪዛ!» ይላል።

እስቲ እንቁጠረው። ወደ አውሮፓ ኅብረት አገሮች የሚሄድ የኢትዮጵያ ውሻ አስቀድሞ መለያ ቁጥር የያዘች ማይክሮቺፕ ከቆዳው ሥር ይቀበርለታል። ቀጥሎ የእብድ ውሻ በሽታ ክትባት ይወጋል፤ ለዚህም ቢያንስ 12 ሳምንት ሊሞላው ይገባል። ከክትባቱ ቢያንስ 30 ቀን በኋላ ደሙ ተቀድቶ ኅብረቱ ዕውቅና በሰጠው ላቦራቶሪ ይመረመራል። በአንድ ሚሊ ሊትር 0.5 ዓለም አቀፍ ዩኒት የመከላከያ አቅም ካልተገኘበት ጉዞ የለም። ቢገኝበትም ደሙ ከተቀዳበት ቀን ጀምሮ ሦስት ወር ይጠብቃል። ደምሩት፤ ዛሬ የተወለደ ቡችላ ሰባት ወር ገደማ ሳይሞላው አይሄድም። በመጨረሻም የመንግሥት የእንስሳት ሐኪም የፈረመበት የጤና ምስክር ወረቀት ይያዝለታል። አሜሪካም እ.ኤ.አ. ከኦገስት 2024 ጀምሮ ስድስት ወር ያልሞላውን ውሻ አታስገባም፤ ኢትዮጵያንም የውሻ ሬቢስ ስጋት ከፍተኛ ከሆነባቸው አገሮች ተርታ አስፍራታለች።

ይህን «የፈረንጅ ቅብጠት» ብሎ ማለፍ ይቀላል። የዲቪ ዕድል የደረሰው ወገናችንስ ደረቱን ራጅ ተነስቶ፣ ክትባቱን በላይ በላዩ ተወግቶ አይደል የተሳፈረው? ጥያቄው አያስከፋም። የሚያስከፋው የጥያቄው ምክንያት እውነት መሆኑ ነው። በሽታው ግቢያችን ውስጥ ባይኖር ኖሮ ማን ይጠይቀን ነበር?

ከደጀን ተነስታችሁ በቢቸናና በሞጣ በኩል ወደ ባሕር ዳር በሚወስደው መንገድ ሂዱ። ውሻ የሌለበት ግቢ ብርቅ ነው። ውሻው ባለቤት አለው፤ ስምም አለው። ተከትቧል ወይ ብላችሁ ብትጠይቁና «ለከብት እንጂ ለውሻ ደግሞ ምን ክትባት አለ?» የሚል መልስ ቢገጥማችሁ አትደነቁ።

በዓለም ጤና ድርጅት ግምት ይህ በሽታ በየዓመቱ 59,000 ያህል ሰው ይገድላል። ሰውን ከሚይዘው ሬቢስ 99 በመቶው ከውሻ የሚመጣ ነው፤ ከሟቾቹ 40 በመቶ ያህሉም ዕድሜያቸው ከ15 ዓመት በታች የሆኑ ልጆች ናቸው። ምልክቱ አንዴ ከታየ መዳን የለም ማለት ይቻላል። ቁስሉን ወዲያው ለ15 ደቂቃ በውኃና በሳሙና ማጠብና ሳይውሉ ሳያድሩ ክትባት መጀመር ግን ያድናል። የኛ ሰው ግን ብዙ ጊዜ መጀመሪያ መድኃኒት አዋቂው ዘንድ ወይም ጠበል ይሄዳል። ጠበሉን ማን ይከለክለዋል? ተከትቦም ይጠመቃል። ገበሬውን ብቻ መውቀስም ግፍ ነው። የተነከሰ ልጁን ይዞ ጤና ጣቢያ ደርሶ «ክትባቱ እዚህ የለም፤ ወደ ትልቁ ከተማ ውሰደው» ቢባል የመኪናውንና የማደሪያውን ከየት ያመጣል?

የከተሞቻችን የቆየ መፍትሔ ደግሞ መርዝ ነው። ማታ መርዝ ያለበት ሥጋ ይበተናል፤ ጠዋት ሬሳ ይለቀማል። ጥቂት ቆይቶ የሞቱትን ቦታ ሌሎች ይወርሱታል፤ እነሱም ያልተከተቡ! አዋቂዎቹ የሚሉት ሌላ ነው፤ በአካባቢው ካሉት ውሾች 70 በመቶው ከተከተቡ የበሽታው ሰንሰለት ይበጠሳል።

አይቻልም እንዳይባል ደግሞ ምሳሌው እዚሁ አገራችን አለ። በባሌ ተራሮች እ.ኤ.አ. በ2003፣ በ2008 እና በ2014 ቀይ ቀበሮዎች ከመንደር ውሻ በተጋባባቸው ሬቢስ ረግፈዋል። ብርቅዬዎቹን ለማዳን ሲባል የባሌ ገበሬዎች ውሾች ሲከተቡ ኖረዋል። መልካም ተደርጓል። እንግዲህ ለአውሮፓ ደኅንነት ሲባል የሚከተብ ውሻ አለን፤ ለቀበሮ ሲባልም የሚከተብ ውሻ አለን። ለሞጣና ለቢቸና ልጅ ሲባል በየዓመቱ ሳይቋረጥ የሚከተበው ውሻስ የታለ?

ነገሩ ማይክሮቺፕም የአውሮፓ ላቦራቶሪም አይፈልግም። ለአባ ሰንጋ ከብት የሚከትበው ባለሙያ በዚያው ጉዞው ውሻውንም እንዲወጋ መድኃኒቱና በጀቱ ቢሰጠው ነው። ባለቤትም ውሻውን አስሮ ቢያቀርብ ነው። ዓለም አቀፉ የሬቢስ ቀን ሴፕቴምበር 28 ላይ ይውላል፤ የኛው መስቀል ሰሞን መሆኑ ነው። ዘመድ አዝማድ አገር ቤት የሚሰበሰብበት፣ ልጆችም ሜዳውን የሚሞሉበት ጊዜ ነው። ከዚህ የተሻለ ቀን ከየት ይመጣል?

የሞጣ ውሻ ቪዛ አያስፈልገው ይሆናል፤ የትም አይሄድማ። ከተከተበ ግን በበሩ የሚያልፈው ልጅ ትምህርት ቤት ደርሶ በሰላም ይመለሳል።