ጥሩ ክርክር የት ላይ ይቆማል?

እንጅባራ ላይ ስለ እግዚአብሔር መኖር የሚነሣ ክርክር ቦታ አይመርጥም። የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች በተከራዩት ክፍል እስከ እኩለ ሌሊት ይሟገቱበታል፤ ቡና ላይ ይነሣል፤ ከቅዳሴ መልስ መንገድ ላይም ይነሣል። አድማጭ አብዛኛውን ጊዜ የሚያደንቀው ጥቅስ ያበዛውን ወይም ባላጋራውን አፍ ያስያዘውን ነው። የክርክርን ጥራት መለየት የሚፈልግ ግን ሌላ ነገር ያዳምጥ። ተከራካሪው ሳያስረዳ «ይህንማ ተቀበሉኝ» ያለው ስንት ነገር ነው? ከዚያ ተነሥቶስ ምን ያህል አስረዳ? ከሁሉ በላይ ደግሞ፣ «ይህስ ከየት መጣ?» የሚለውን ጥያቄ የት ላይ አቆመው? ለማቆሙስ ምክንያት አለው? የክርክር ጥራትም ቀላልነትም የሚለካው በእነዚህ ነው። አጭር መሆኑ ብቻ አይበቃም።

ለዚህ ከአገራችን የምመርጠው ናሙና ሐተታ ዘዘርዐ ያዕቆብ ነው። መጽሐፉ እንደሚተርከው ዘርዐ ያዕቆብ እ.ኤ.አ. በ1599 በአክሱም አካባቢ ተወለደ፤ በአፄ ሱስንዮስ ዘመን ተከስሶ ሸሸ፤ ተከዜ አቅራቢያ ዋሻ ውስጥ 2 ዓመት ከረመ። በኋላ እንፍራዝ ተቀምጦ፣ በደቀ መዝሙሩ በወልደ ሕይወት ጥያቄ እ.ኤ.አ. በ1667 ሐሳቡን ጻፈ። ዋሻው ውስጥ ሳለ ይጸልያል፣ መልሶም ይጠይቃል፤ ለመሆኑ የሚሰማኝ አለ? ጆሮን የፈጠረ እንዴት አይሰማም የሚለው የዳዊት ቃል ትዝ ይለዋል። ጆሮውን ማን ሰጠው? ራሱ እንዳይባል፣ ሳይኖር ራሱን ሊሠራ አይችልም። ወላጆቹ እንዳይባል፣ እነሱም ወላጅ አላቸው። እንዲህ እያለ ወደ ላይ ይወጣና ያልተፈጠረ ፈጣሪ ላይ ይቆማል።

እንጅባራ ባለችበት በአዊ ያደገ ሰው ይህን አወጣጥ ያውቀዋል። የአዊ ሕዝብ፣ ሰባት ቤት አገው፣ ትውልዱን ሲቆጥር ከራሱ ይነሣና በአባት፣ በአያት፣ በቅድመ አያት አድርጎ ወደ ቤቱ መሥራች ይወጣል። መሥራቹ ላይ ሲደርስ ቆጠራው ይበቃል። የሚበቃውም ያ ሰው አባት ስለሌለው አይደለም፤ የዝምድናው ጉዳይ እዚያ ላይ ስለሚያልቅ ነው። ዘርዐ ያዕቆብ የቆመበት ምክንያት ግን ከዚህ የተለየ ነው። እሱ «እዚህ ላይ ይብቃን» አላለም፤ ያልተፈጠረውን «ማን ፈጠረህ?» ብሎ መጠየቅ ከንቱ ስለሆነ ነው ያቆመው። የተቀበለው ጥቂት ነው፤ እኔ መኖሬን፣ የተጀመረ ነገር ጀማሪ እንዳለው፣ ሰንሰለቱም ማለቂያ ቢስ ሊሆን እንደማይችል። ሰው አልባ ዋሻ ውስጥ፣ የማንንም ሥልጣን ማስረጃ ሳያደርግ የሚሠራ ክርክር በመሆኑ በጣም እወደዋለሁ።

ሆኖም ከተቀበላቸው ሦስተኛው ላይ ስንጥቅ አለ። የነገረ መለኮት ሊቁ ቶማስ አኳይናስ ከእሱ 400 ዓመት ያህል ቀድሞ፣ አባት ልጅን፣ ልጅም ልጁን የሚወልድበት ሰንሰለት ወደኋላ ማለቂያ ባይኖረው በምክንያት ብቻ አይፈርስም ብሏል። አያቴ ቢሞትም አባቴ መውለዱን አያቆምምና። አኳይናስ መጨረሻ ያስፈልገዋል ያለው አሁን፣ በዚህች ቅጽበት አንዱ ሌላውን ለሚደግፍበት ሰንሰለት ነው። ዘርዐ ያዕቆብ ሁለቱን አልለየም። ቀጥሎ የሚወስደው እርምጃም ይከብዳል፤ አስተዋይ አድርጎ የፈጠረን እሱ ራሱ አስተዋይ መሆን አለበት ይላል። ከሌለው አይሰጥም ነው ነገሩ። ዳርዊን በ1859 ስለ ዝርያዎች አመጣጥ ከጻፈ በኋላ ይህን በአንድ አንቀጽ ማለፍ አይቻልም፤ ከማያስተውል ነገር ማስተዋል ቀስ በቀስ ሊወጣ ይችላል የሚል ባላጋራ ቆሟልና።

(ምሁሩ ካርሎ ኮንቲ ሮሲኒ በ1920 ሐተታው የጣሊያናዊው ሚሲዮናዊ የጁስቶ ዳ ኡርቢኖ ድርሰት ነው ብሎ ከጻፈ ወዲህ ሙግቱ አልቆመም፤ ክሎድ ሰምነር የኢትዮጵያዊ ሥራ ነው ብለው ብዙ ደክመዋል። ነገሩ ለታሪካችን ትልቅ ነው። ክርክሩ ግን በማንም ብዕር ቢጻፍ ጥንካሬውም ስንጥቁም ያው ነው።)

አጭር ሆኖ ባዶ የሆነ ማብራሪያ ምን እንደሚመስል ለማየት ዘንገና ሐይቅ መሄድ ይበቃል፤ ከእንጅባራ ብዙ አይርቅም። ሐይቁ ክብ ነው፤ ዙሪያው ገደል ሆኖ ወደ ውኃው ይወርዳል። የእሳተ ገሞራ ፍንዳታ የሚለው አንድ ምክንያት ክብነቱንም፣ ገደሉንም፣ የአካባቢውንም ድንጋይ በአንድ ጊዜ ይገልጻል። ሐይቁ አራት ማዕዘን ቢሆን ኖሮ ይኸው ማብራሪያ ይቸገር ነበር፤ ጥሩ ያሰኘውም ይህ ነው። «እግዚአብሔር እንዲህ ስለ ወደደ» የሚለው ግን ክብ ለሆነውም፣ አራት ማዕዘን ለሆነውም፣ ጭራሽ ሐይቅ ባይኖርም እኩል ይገጥማል። አማኝ ይህን እንደ እምነት ቃሉ ይያዘው፤ እንደ ክርክር ካቀረበው ግን ለእምነቱ ውለታ አልዋለለትም።

ፈላስፋው ሪቻርድ ስዊንበርን በ1979 ባሳተመው መጽሐፍ ከዚህ ወጥመድ ለመውጣት ሞክሯል። ከፍንዳታው ጋር አይሻማም፤ ፍንዳታው የሚታዘዝላቸው ሕጎች ለምን ኖሩ ነው የሚለው። ቸር አምላክ ካለ ሥርዓት ያለው ዓለም ይጠበቃል፤ ስለዚህ ማብራሪያው ለሁሉም እኩል አይገጥምም። ኃይሉ ወሰን የሌለው አንድ አካል ማሰብም ወሰኑ እዚህ ድረስ የሆነ ኃይል ከማሰብ ይቀልላል ይላል፤ ወሰን ባለበት «ለምን እዚህ ላይ?» ይከተላልና። ይህ የረቀቀ ሥራ ነው። የሥነ ሕይወት ሊቁ ሪቻርድ ዶኪንስ በ2006 ሁሉን የሚያውቅና ሁሉን የሚሠራ ከሠራው ሁሉ የባሰ ውስብስብ መሆን አለበት ብሎ ተነሣበት። ለዶኪንስ ውስብስብነት የብዙ ክፍሎች መገጣጠም ነው፤ የአኳይናስ አምላክ ደግሞ ክፍል የለውም። እዚህ ላይ ብዙ አማኝ ድል አደረግሁ ብሎ ያርፋል፤ ማረፍ ግን የለበትም። ክፍል የሌለው አካል ዘንገናንና ተከዜን ለያይቶ እንዴት እንደሚያውቅ ገና ማስረዳት አለበት። ስዊንበርን የሚያወራው ስለ ማብራሪያ ቀላልነት ነው፤ አኳይናስ ስለ አምላክ ባሕርይ። የአንዱን ሒሳብ በሌላው ገንዘብ የሚከፍል ክርክር ሲገጥማችሁ አትለፉት።

ከወዲያኛው ወገንም የማይለፍ አለ። «አያስፈልግም» ብሎ ጀምሮ «የለም» ላይ የሚያርፍ ሰው የኦካሙን ዊልያም ስም ይጠራል። ኦካም ግን የፍራንሲስካን መነኩሴ ነበር፤ «ያለ ምክንያት ነገር አታብዙ» ማለቱም ያላስፈለገኝ ሁሉ የለም ማለቱ አይደለም።

ከዚህ ወገን የማከብረው ፈላስፋው በርትራንድ ራስል በ1948 በቢቢሲ ሬዲዮ ከካቶሊኩ ካህን ከፍሬደሪክ ኮፕልስተን ጋር ሲሟገት የቆመበትን ነው። ዓለም አለ፣ አለቀ፤ ከዚያ ወዲያ ምክንያት አልፈልግለትም አለ። የሚቆጥበው አንድ ነገር አለ፤ ዋጋውንም አልደበቀም። ነገር ግን አቋቋሙ የቤቱ መሥራች አባት ላይ ደርሶ «ይበቃል» እንደሚለው ቆጣሪ ነው። መሥራቹ አባት ላይ ማቆም ለዝምድናው ጉዳይ ይበቃል፤ የራስል ጥያቄ ግን ስለ ራሱ ስለ መኖር ስለነበር፣ እዚያ ላይ መቆም አይበቃውም። በዚህ አንድ ነጥብ፣ ስንጥቁን ሁሉ ይዞ፣ የዋሻውን ሰው አስቀድማለሁ።